አባባ ይማም ያስረዘሙት ምርቃት

«አንድ መስመር ነው ወይስ እንደ መረብ?» አሉኝ አባባ።

እጃቸው ትከሻዬ ላይ ነበር። ሲራመዱ ሁልጊዜ ትከሻዬን ይዘው ነው። ፊት ለፊታችን የግንቡ የምሥራቅ ማዕዘን ቆሟል፤ አዲስ ጭቃ ተመርጎ፣ ተዳምጦ፣ እንደ ሙሽራ አምሮበት። ጣራው ላይ ወንዶቹ ሣር ይከድናሉ። ከውስጥ የእናቴ ሳቅ ይሰማኛል።

ቀረብ ብዬ አየሁ። ጭቃ ሲደርቅ እንዴት እንደሚሰነጠቅ አውቃለሁ፤ የእኛ ቤት ግድግዳ በየዓመቱ ውኃ እንደ ሸሸው ማሳ ይሆናል። ይኼ ግን እንደዚያ አልነበረም።

«አንድ ነው አባባ» አልሁ። «ከላይ ተነሥቶ እስከ መስኮቱ ይወርዳል።»

«ወዲህና ወዲያ ያለው ጠርዝ እኩል ነው?»

ጣቴን አስኬድሁበት። እኩል አልነበረም። አንደኛው ወገን እንዳኮረፈ ልጅ ከንፈር ወጣ ብሏል። ከስንጥቁ ውስጥ ደረቅ ዱቄት ጣቴ ላይ ፈሰሰ።

ያየሁትን ነገርኋቸው። እጃቸው ከትከሻዬ ተነሣ። አባባ ይማም የእናቴ አባት ናቸው፤ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም ነበር። የዚያን ዕለት ፊታቸው አመድ መሰለ። እናቴ ያለችበት ቤት ሊወድቅ እንደሚችል የገባኝ ከግድግዳው አይደለም፤ ከፊታቸው ነው።

ይኼን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የኖራ ሽታ ነው። ሰሞኑን ግንቡን እንደገና ማደስ ጀምረዋል፤ ልጄ ሰሚራ ውኃ ከሚያቀርቡት ሴቶች ጋር ሥራ ገባች። ምሳዋን ይዤላት በባጃጅ ሄድሁ። ገና ከባጃጁ ሳልወርድ ሸተተኝ። የተቃጠለ ድንጋይ ውኃ ሲጠጣ የሚያወጣው ሽታ ነው፤ ዝናብ ትኩስ አመድ ላይ ሲወርድ እንደሚሸተው፣ ግን ጉሮሮ የሚይዝ። እግሬ እምቢ አለኝ። ሰሚራን በር ላይ ሆኜ አስጠራኋት።

«እማ፣ ግቢና እዪው እንጂ። አምሮበታል» አለችኝ።

«ከዚሁ ይታየኛል» አልኋት።

እውነቴን ነው፤ ይታየኝ ነበር። በምሥራቅ በኩል ያለው ማዕዘን ድንጋዩ ከሌላው ይነጣል። እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ልጆቼ የሚተኙበትን ግድግዳ ሳልዳስስ እንቅልፍ አይወስደኝም። እናት ሁሉ እንደዚህ የምታደርግ ይመስለኝ ነበር፤ እንደማታደርግ የነገረኝ ባለቤቴ ነው።

ግንቡ ያለው ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ጉብታው ላይ ነው። የአንድ ደጃዝማች ቤት ነበር ይባላል። ሰዎች ስለ ደጃዝማቹ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ እኔ ሰውዬው ላይኛው ፎቅ ላይ የተኙ ይመስለኝ ነበር። መጀመሪያ ከአባባ ጋር የገባሁ ቀን በእግሬ ጣቶች ነው የተራመድሁት። ቀና ስል ሰማይ አየሁ። ጣራ አልነበረውም። ደጃዝማቹ ዝናብ ሲመታቸው ወዴት ይሄዱ ይሆን ብዬ አሳዘኑኝ።

ሣሩ በስብሶ ወርዷል፤ ወራጁን ምስጥ በልቶታል። ግድግዳው ላይ ሾላ በቅሎ ሥሩን በድንጋዮቹ መካከል አስገብቷል። ታች አዳራሹ ውስጥ የሌሊት ወፍ ኩስ ተቆልሏል። ቀበሌውና የአካባቢው ሰው ተነጋግረው፣ ቤቱ ታድሶ ለትምህርት ቤት ይሁን አሉ። ግንቡን የሚያውቀው ማን ነው ሲባል ሁሉም አያ ይማም አለ። አባባ በጉልምስናቸው ግንበኛ ነበሩ፤ ይኼንኑ ግንብ አንድ ጊዜ ጠግነውታል። አሁን ግን ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፤ ከዚያ ያለፈ አያዩም።

«እጄ አለ፤ ዓይን ስጡኝ» አሉ።

ዓይን ሆኜ የተሰጠሁት እኔ ነኝ። አባቴ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ እየተመላለሰ ጨው ይነግዳል፤ ቤት አይውልም። እናቴ ፋጡማ ገበያ ትውላለች። ከቤቱ ልጆች ብሄድ ሥራ የማይጎድልብኝ እኔ ነበርሁ፤ ገና ሦስተኛ ክፍል ነበርሁና። በዚያው ከትምህርት ቀረሁ። ቤቱ ትምህርት ቤት ይሆናል እየተባለ፣ እኔ ትምህርቴን ትቼ ግንብ ሳይ ከረምሁ። ያኔ አልከፋኝም። የአባባን እጅ ትከሻዬ ላይ ይዤ በገበያው መካከል ሳልፍ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሰላም ይላቸዋል፤ እኔን የሚል ይመስለኝ ነበር።

ኖራው የመጣው በአህያ ነው፤ ተቃጥሎ የነጣ ድንጋይ በጆንያ። ጉድጓድ ተቆፍሮ ድንጋዩ ተጨመረ። እኛ ሴቶች ልጆች ከምንጭ በጀሪካን ውኃ አምጥተን አጠገቡ አስቀመጥን። አንዱ ግንበኛ ውኃውን ሲደፋበት ጉድጓዱ ጮኸ። ከዚያ ፈላ። እሳት የለም፤ እንጨት የለም፤ ግን እንደ ድግስ ድስት ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ ይግተለተላል። ጀሪካኔን ጥዬ አባባ ኋላ ተደበቅሁ።

«አባባ፣ ከሥሩ ማን ነው?»

«ማንም የለ። ተጠምቶ ነው። እሳት የበላ ነገር እንዲህ ነው የሚጠጣው። አትጠጊ።»

ሲበርድ ግን ነጭ፣ ለስላሳ፣ የሚያበራ ነገር ሆነ። በቅጠል ተሸፍኖ ይተኛ ተባለ። እኔ ቅቤ የሆነ መሰለኝ። ማንም ሳያየኝ በጣቴ ጨልፌ ቀመስሁት። ከንፈሬ ተላጠ። ማታ እናቴ እውነተኛውን ቅቤ እየቀባችኝ፦

«የሰው ልጅ ቤት ይበላል እንዴ?» አለችኝ። «ምስጥ ነሽ?»

ከዚያ ወዲያ ግንበኞቹ ሲጠሩኝ ምስጧ ነው። «ምስጧ መጣች፤ ወራጁን ደብቁ!»

አባባ ግድግዳውን በድንጋይ ኳ ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ይለጥፉበታል። ደህና የሆነው ቦታ ድምፁ ይደርቃል፤ ያልሆነው እንደ ባዶ እንስራ ይጮኻል። ምሥራቅ ማዕዘን ላይ ሲደርሱ ብዙ ቆዩ። እጃቸውን ዘርግተው ዳሰሱት፤ እርጉዝ ላም እንደሚዳሰስ።

«ሆዱን ተነፍቷል» አሉ።

ግንበኞች ግድግዳ መሐሉ ሲያብጥ እንደዚያ ነው የሚሉት። እኔ ምን አውቄ፤ ታሟል ብዬ አዘንሁ። ሆዴን ሲነፋኝ እናቴ የምትሰጠኝ ፌጦ ነው። በማግሥቱ ከጓዳ ፌጦ ቋጥሬ ሄድሁና ስንጥቁ ውስጥ በጣቴ ጠቀጠቅሁለት። ከዚያ ውኃ ረጨሁበት፤ መድኃኒት ያለ ውኃ አይዋጥማ። ለማንም አልተናገርሁም። ሰንብቶ አባባ ማዕዘኑን ሲዳስሱ እጃቸው ለምለም ነገር ነካ። ቀንጥበው አሸተቱት።

«እናንተ ሰዎች! ማን ነው ግንቡን በፌጦ ያከመው?»

ስንጥቁ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆኗል። ወንዶቹ ከርብራቡ ላይ ሊወድቁ እስኪደርሱ ሳቁ። ጣራውን የሚሠራው አያ ሞላ «አያ ይማም፣ ሎሚ ይጨመርበት?» አለ። አባባ አልሳቁም። ጎንበስ ብለው በጆሮዬ «ደግ አደረግሽ፤ ግን የዚህ ሕመም ሌላ መድኃኒት ይፈልጋል» አሉኝ።

መድኃኒቱን ያሳዩኝ ያኔ ነው። ከጉድጓዱ ኖራ አስመጡና ስንጥቁን ተሻግሮ፣ ከወዲህ ጠርዝ ወደ ወዲያ ጠርዝ፣ አንድ ጣት ወርድ አድርገው ለጠፉት። መሐሉን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ከላይም፣ ከመሐልም፣ ከታችም እንዲሁ አደረጉ።

«ይኼ ምስክር ነው» አሉኝ። «ኖራ ሲደርቅ ይከርራል፤ አይለጠጥም። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ይኼ ይቆረጣል። ግድግዳ ቆሜያለሁ እያለ ሊዋሽ ይችላል። ምስክሩን ግን ጠዋት ጠዋት ትጠይቂዋለሽ።»

እኔ የማውቀው ምስክር ሽምግልና ላይ የሚቀመጥ፣ ጋቢ የለበሰ ሰውዬ ነው። ስለዚህ አከበርኋቸው። ጠዋት ስደርስ መጀመሪያ ሰላምታ ሰጥቼ ነው የማያቸው። አባባ ከኋላዬ ቆመው ይጠይቁኛል።

«ሙሉ ነው?»

«ሙሉ ነው።»

«የላይኛውስ?»

«ፀጉር የምታህል መስመር አለችበት።»

እንዲህ ያልሁ ቀን ሥራ ይቆማል። ማዕዘኑን በግንድ ይደግፉታል፤ ያበጠውን ድንጋይ አውጥተው ከውስጥ እስከ ውጭ የሚደርስ ረዥም ድንጋይ ያስገቡበታል። ከዚያ አባባ አዲስ ምስክር ይለጥፋሉ። በጋው እንዲህ አለፈ። በሌላው ወገን ያለው ግድግዳ ተጠግኖ አለቀ። ሾላው ተቆረጠ፤ ሥሩን ነቅለው ሲያወጡት ከእኔ ቁመት ይረዝም ነበር። አዲሱ ወራጅና ማገር ቆመ። ምሥራቅ ማዕዘን ብቻ አባባን አላስተኛም። እየዋለ እያደረ ግን ምስክሮቹ ሙሉ ሆነው ሰነበቱ። ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል አባባ፦

«እንግዲህ ክደኑት» አሉ። «ግን ሣሩ ከባድ ነው። በምትከድኑበት ቀን ጠዋት ልጅቱ ምስክሮቹን ሳታይ አንድ እስር ሣር እንዳይወጣ።»

ወንዶቹ እሺ አሉ። የክዳኑ ደቦ ሰኞ ይሁን ተባለ፤ ዝናቡ ሳይቀድም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ የተበላሸው። ማንም ክፉ አልሠራም፤ እስካሁንም የማስበው እንደዚያ ነው።

ዓርብ አባባ ጁምዓ አላቸው። ያን ዕለት ግንቡ ዘንድ አይሄዱም፤ ያለ እሳቸውም ግንበኞቹ አይመጡም፤ እኔም መስጊዱ ደጅ ላይ ጫማቸውን ይዤ እጠብቃቸዋለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የባላገሩ ሰንበት ነው፤ ሥራ የሚነካ የለም። ስለዚህ ከሐሙስ እስከ ሰኞ ምስክሮቹን የጠየቀ አልነበረም። ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር፤ ጉዳት አልነበረውም።

በዚያ ዓርብ ግን ሴቶቹ መጡ።

ሰኞ ክዳኑ ሲያልቅ ድግስ አለ፤ እንግዳ ይመጣል። በእኛ አገር ደግሞ እንግዳ የሚመጣበት ቤት ስንጥቅ ከታየበት የሚታማው ወንዱ አይደለም፤ «ሴት የለበትም እንዴ?» ነው የሚባለው። ዓመት በዓል ሲደርስ ምርጊት የማትመርግ፣ የማትለቀልቅ ሴት የለችም፤ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም። እንግዲህ ሴቶቹ ተጠራርተው፣ ጭቃ በጭድ አቡክተው፣ የግንቡን ስንጥቅ በሙሉ ደፈኑት። እናቴም አብራ ነበረች። ምስክሮቹን እንዳይነኩ ለወንዶቹ ተነግሯል። ለሴቶቹ የነገራቸው የለም፤ ይመጣሉ ብሎ ያሰበም አልነበረማ።

ሰኞ ስንደርስ አርፍደናል። አባባ ቁልቁለቱን ቀስ ብለው ነው የሚወርዱት፤ አቀበቱ ደግሞ ያስላቸዋል። ወንዶቹ ደመና አይተው ቸኩለው ኖሮ ጣራው ላይ ወጥተዋል፤ ሣሩ ግማሹን ለብሷል። ልጅቱ ሳታይ የተባለውንም የረሳው ረሳ፤ ያልረሳውም ግድግዳውን እንዲያ አምሮ ሲያየው ልቡ ሞላ። የሴቶቹ አለቃ እትዬ ጥሩወርቅ ከበሩ ላይ ጮክ ብላ ተቀበለችን። ከጉብታው ሥር የምታርስ ባለትዳር ናት፤ ስትናገር ወንዝ ማዶ ይሰማል።

«አያ ይማም! ይምጡና ይመልከቱልን! አንቱ በጋውን ሙሉ ያልጨረሱትን እኛ በአንድ ቀን ጨረስነው።»

«ምን ጨረሳችሁ?»

«ስንጥቁን ነዋ! ደግሞ እነዚያ የእርስዎ ሰዎች፣ ኖራ ጠብ ጠብ አድርገውበት ትተውት ሄደው፤ የአሞራ ኩስ መስሎ። ጠርገን፣ ጠራርገን ደፈንነው።»

አባባ «በርቺ» ብቻ አሏት። እሷም ወደ ውስጥ ገባች። ከዚያ ትከሻዬን ጫን አድርገው ወደ ምሥራቅ ማዕዘን ወሰዱኝ። ወይም እኔ ወሰድኋቸው። ጭቃው ተሰንጥቋል ስላቸው፣ አንድ መስመር ነው ወይስ እንደ መረብ ብለው የጠየቁኝ እዚያ ነው።

እንግዲህ የነገርኋቸውን ነገርኋቸው። ሴቶቹ የመረጉት ጭቃ ራሱ ምስክር ሆኖ ተቆርጧል። ምስክሮቹ ተጠርገው፣ ጭቃው ከነርጥበቱ ሳለ፣ ያ ሁሉ ሣር ላዩ ላይ ተጭኗል።

መጮህ ፈለግሁ። አፌን ስከፍት አባባ አወቁ።

«ብንጮህ ምን ይሆናል?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ይሮጣሉ።»

«ላይ ያሉት ሲሮጡ የሚረግጡት ምንን ነው?»

ቀና ብዬ ጣራውን አየሁ። ግድግዳውን ነው የሚረግጡት።

አባባ ከዚያ ምርኩዛቸውን አንሥተው ወደ ግቢው መሐል ሄዱ፤ ያለ እኔ፣ በራሳቸው። ምርኩዙን መሬት ላይ ተከሉና በዚያ ሳል ባሻከረው ድምፃቸው፦

«ምርቃት!» አሉ። «ኑ፣ ልመርቅ!»

ደቦ ላይ ምርቃት ሲባል ሥራ ይቆማል። ሽማግሌ ሊመርቅ ቆሞ በሥራው የሚቀጥል ሰው የለም፤ ነውር ነው፤ ሥራውም አይባረክም ይባላል። ግን ምርቃት የሚመጣው ሲያልቅ ነው። ጣራው ገና ግማሹ ነው።

«አያ ይማም፣ ምነው ቸኮሉ?» አለ አያ ሞላ ከላይ። «ጉልላቱን ልትከል እንጂ!»

«ሽማግሌ ነኝ፤ እስክትጨርስ እቆያለሁ ብለህ ነው? ቀስ ብለህ ውረድ። ምርቃት ሲባል ጣራ ላይ የሚቀመጥ አሞራ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። አያ ሞላም ሳቀና መሰላሉን ያዘ። መሰላሉ በምዕራብ በኩል መሆኑ ደግ ሆነ። አንድ በአንድ ይወርዱ ጀመር፤ ማንም አልሮጠም። ሣር የሚወረውሩትም እስሩን አስቀምጠው መጡ።

አባባ ያለሁበትን በድምፅ ፈለጉ። «ሐዋ!» ጠጋ አልሁ። «እናትሽንና ሴቶቹን አያቴ ሊመርቁ ነው በያቸው። ምክንያቱን እንዳትናገሪ። ሂጂ። አትሩጪ።»

ሄድሁ። እንዳልሮጥ በሁለት እጄ ቀሚሴን ጨብጬ ነው የሄድሁት።

ውስጡ ጨለም ያለና ቀዝቃዛ ነው። እርጥብ ጭቃና እበት ይሸታል። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ እንደ ምሰሶ ተጋድሟል፤ በውስጡ አቧራ ይንሳፈፋል። ሌላ ጊዜ ያ አቧራ ሲያበራ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ብዙ ነው። ከላይ ወደ ታች ነው የሚፈሰው።

«አባባ ሊመርቁ ነው። ኑ ብለዋል» አልሁ።

ሌሎቹ ሴቶች እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ወጡ። እናቴና እትዬ ጥሩወርቅ ግን ምሥራቅ ማዕዘን ላይ ተንበርክከዋል። የጭቃው ገበታ በመካከላቸው ነው።

«እማ፣ ነይ።»

«እጄን እዪው» አለች እናቴ። «በዚህ እጅ ነው አሜን የምለው? አባባ ይመርቁ፤ እኔ ከዚሁ አሜን እላለሁ።»

«ይቺ የውስጧ ቁራጭ ብቻ ናት የቀረችን» አለች እትዬ ጥሩወርቅ። «ከተውናት ጭቃው ይደርቅብናል።»

«አባባ ነይ ብለውሻል እኮ!»

«ሰምቻለሁ አልሁሽ። ሂጂ ውጪ።»

ከውጭ የአባባ ድምፅ መጣ። መመረቅ ጀምረዋል።

«ማሳችሁን ከዋግ፣ ከብታችሁን ከበሽታ ይሰውርላችሁ!»

«አሜን!» አለ ሰዉ።

«አሜን» አለች እናቴ ጭቃውን እየዳመጠች።

ከላይ ጠጠር ወረደ። ገበታው ውስጥ፣ እርጥቡ ጭቃ ላይ ጠብ አለ። እናቴ ቀና አለች።

«አይጥ ነው» አለች።

«እነሱም ድግሱን ሰምተው መጥተዋል» አለች እትዬ ጥሩወርቅ። ሁለቱም ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ሁለተኛ ጠጠር ወረደ። አባባ ምክንያቱን አትናገሪ ብለውኛል፤ ሳልናገር ደግሞ አትወጣም። ለቅሶ ያዘኝ። ባለቅስም አትወጣም ነበር፤ እናቴ ልጅ አለቀሰ ብላ ሥራ የምትተው ሴት አይደለችም።

መስኮቱ አጠገብ፣ ግድግዳው ውስጥ የተተከለ አሮጌ ችካል ነበር። እናቴ ለድግሱ የያዘችውን ሻሽ ጭቃ እንዳይነካው እዚያ ላይ ሰቅላዋለች። አባቴ ከፍኖተ ሰላም ያመጣላት ነው፤ ቢጫ፣ ዳር ዳሩ አበባ ያለው። ገና አላሰረችውም። ቤት ውስጥ እንኳ እንዳንነካው እጃችንን ታስታጥበን ነበር።

ሻሹን አወረድሁት። እናቴ እያየችኝ ነው። ገበታው ውስጥ ከተትሁት። በሁለት እጄ ጭቃው ውስጥ አሸሁት።

እናቴ ከተንበረከከችበት ተነሣች።

«አንቺ…» አለች። «አንቺ ከየት የተወለድሽ…»

ሻሹን ይዤ ወደ በሩ ሄድሁ። አልሮጥሁም፤ አባባ አትሩጪ ብለውኛል። የእናቴን እግር ከኋላዬ ስሰማ ግን ሮጥሁ።

«ዛሬ ነው የምገድልሽ!»

«ፋጤ! ተይ! በምርቃት ላይ ልጅ አይመታም!» እትዬ ጥሩወርቅ ልታስታርቅ ከኋላ ትከተላለች። ወፍራም ናት፤ ታለከልካለች።

ከበሩ ስወጣ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ። ሰዉ ሁሉ ግቢው መሐል እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ አባባ መሐላቸው ናቸው። ምርቃቱ ረዝሟል። ጎረምሶቹ እግራቸውን እየቀያየሩ ነበር።

«ልጆቻችሁ ለወግ ለማዕረግ ይብቁ!»

«አሜን!»

«ጎረቤት ከጎረቤት አያጣላችሁ!»

«አሜን!»

«የገባ ሁሉ በሰላም ይውጣ!»

«አሜን» ያለው ጥቂት ነው። አንዱ ሳቅ አለ። «አያ ይማም፣ የወጣ በሰላም ይግባ ነው እንጂ!»

«እኔ የምለውን አውቃለሁ፤ አሜን በሉ» አሉ አባባ። ፊታቸው ወደ በሩ ነው፤ ባያዩም ወደ በሩ ነው። «የገባ ሁሉ በሰላም ይውጣ!»

«አሜን!» አለ ሰዉ በአንድ አፍ።

እናቴ ከሰዉ ጥግ ላይ ደረሰችብኝ። ክንዴን ይዛ አዞረችኝ። ጥፊዋ ጉንጬ ላይ አረፈ፤ እጇ ከነጭቃው ነው፤ ቀዝቃዛ ነበር። ቆሜ ተቀበልሁት።

ከዚያ ግንቡ ተነፈሰ። እንዲህ ነው የምለው፤ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፤ ረዥም ትንፋሽ ብቻ። ቀጥሎ የምሥራቅ ማዕዘን ከላይ ጀምሮ ወደ ውስጥ ገባ፤ ድንጋዩ ድንጋይ እየጠራ፣ ወራጁ እየተሰበረ፣ ሣሩ እንደ ጎርፍ ተከትሎት ወረደ። መሬቱ ከእግሬ ሥር ተመታ። አቧራው ነጭ ሆኖ መጣና ሁላችንንም ዋጠን።

ሰዉ ያስላል። ዓይኑን ይጠርጋል። አቧራው ሲሳሳ እትዬ ጥሩወርቅን አየኋት፤ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ፀጉሯ ነጥቶ፣ በሩን ታያለች።

«እመ ብርሃን» አለች። «የደፈንሁት እኮ እኔ ነኝ። እነዚያን ጠብታዎች በእጄ ነው የጠረግኋቸው።»

«አሳምረሽ ነው የደፈንሽው» አላት አያ ሞላ። ሊስቅ ሞክሮ አቃተውና አጠገቧ ተቀመጠ።

የእናቴ እጅ ከጉንጬ አልተነሣም። ወደ ግንቡ ታያለች፤ ተንበርክካ ወደነበረችበት። ከዚያ ወደ ሻሹ አየች። ከዚያ ወደ እኔ። ጉንጬ ላይ ያለውን ጭቃ በቀሚሷ ጫፍ ትጠርግልኝ ጀመር።

«ሐዋ!» አሉ አባባ። ምርኩዛቸው ወድቆ እጃቸውን በአየር ላይ ይዘረጋሉ፤ ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰለኝ። «ሐዋ! ማን ቀረ? እዪልኝ፤ ማን ቀረ?»

አየሁ። ዓይናቸው እኔ ነኝና ደኅና አድርጌ አየሁ፤ ከጣራው የወረዱትን፣ ሣር የሚወረውሩትን፣ ሴቶቹን በየፊታቸው። እናቴ ክንዴን ይዛኛለች።

«የቀረ የለም አባባ» አልኋቸው። «እማም ወጥታለች። ሁላችንም ውጭ ነን። ደኅና ነን።»